በሟች ስም የተቆጠሩ ጎሎች

ፔናንግ፣ ጃንዋሪ 16 ቀን 1994 እ.ኤ.አ.

ለእትዬ ባሬክ፣

እንደምን ከረምሽ? እማዬ ወገቧ ተሻላት? ተማሪዎችሽስ ዘንድሮ እንዴት ናቸው? እኔ ደህና ነኝ።

አምስት ወር ሙሉ ምነው ዝም አልክ ላልሽው፣ ጥፋቱ የኔ ነው። ጉልበቴ አብጦ ተቀያሪ ወንበር ላይ ተጥዬ ነበር የከረምኩት። ወንበር ላይ የተቀመጠ አጥቂ ምን ወሬ አለው ብዬ ነው። አሁን ተመልሻለሁ። በመጨረሻዎቹ አምስት ጨዋታዎች አራት ጎል አግብቻለሁ፤ አንዱን በግንባሬ።

«እስከ መቼ ነው እንዲህ ከአገር አገር የምትዞረው?» ብለሽኛል። እኔም ራሴን እጠይቃለሁ። ሱራባያ፣ ኡጁንግ ፓንዳንግ፣ ኮታ ኪናባሉ፣ ሆንግ ኮንግ፣ አሁን ደግሞ ፔናንግ፤ አሥራ አንድ ዓመት። በየሄድኩበት ሟቹ ወንድማችን ቀድሞኝ ይገባል። ፓስፖርቴ ላይ ያለው ቦሊ ነው፤ ማሊያዬ ጀርባ ላይ ያለውም ቦሊ ነው። ኮፖንግ ብሎ የሚጠራኝ ሰው ካንቺ ደብዳቤ በቀር የለኝም።

አንድ ወሬ አለኝ። እስከዚህ ድረስ ያቆየሁት እንዴት እንደምነግርሽ ጠፍቶኝ ነው። ከጃካርታ ጥሪ መጥቶልኛል፤ ለብሔራዊ ቡድን። እስካሁን የተጫወትኩት ሩቅ ስለሆነ እናንተ ዘንድ የሚሰማ ነገር አልነበረም። ለአገር የሚጫወት ሰው ግን ስሙ በሬዲዮ ይጠራል።

የቤታችን ሬዲዮ አሁንም ይሠራል?

ወንድምሽ ኮፖንግ


ዋይቡራክ፣ ፌብሩዋሪ 2 ቀን 1994

ኮፖንግ፣

ሬዲዮው ይሠራል። ባትሪ ሲያልቅበት እኔው ነኝ የምገዛለት፤ እማዬ የጧቱን ጸሎት ሳትሰማ እሳት አታነድም። ከጸሎቱ ቀጥሎ ዜናው ይመጣል፣ ከዜናው ቀጥሎ ስፖርቱ። ስለዚህ የጠየቅኸኝ ስለ ሬዲዮ እንዳልሆነ ገብቶኛል።

ረስተኸው ከሆነ ላስታውስህ። ያ የሱራባያ ቡድን ከአሥራ ሰባት ዓመት በታች ላሉት ብሎ የጠራው ቦሊን ነው። ጥሪው የደረሰን ቦሊ በወባ ከሞተ ስድስት ሳምንት ካለፈው በኋላ ነው። አንተ ሃያ ዓመትህ ነበር፤ ማንም አልጠራህም። «ለአንድ ወቅት ብቻ፣ እግሬን እስካስገባ» አልከኝ። የክርስትና ወረቀቱን ከእማዬ ሳጥን አውጥቼ በእጅህ ያስቀመጥኩት እኔ ነኝ። ስለዚህ አንተን ስወቅስ ራሴን አውጥቼ አይደለም። እማዬ ግን እስከ ዛሬ በገዛ ስምህ የምትጫወት ይመስላታል።

ቦሊ የተኛው ደጃፋችን ላይ ነው። ስሙና ዓመቱ የመቃብሩ ሲሚንቶ ላይ ተቀርጿል። መንገደኛው ሁሉ እዚያ ላይ ተቀምጦ ነው ውሃ የሚጠጣው። አንድ ጧት የሬዲዮው ሰውዬ «አንሰልሙስ ቦሊ አገባ!» ቢል፣ ሴትዮዋ በመስኮት የምታየው የገዛ ልጇን መቃብር ነው። ይህን አስበኸዋል?

አትሂድ። ጉልበቴ አልዳነም በላቸው። ውሸት እንደሆነ አንተም እኔም አናጣውም።

እህትህ ባሬክ


ጃካርታ፣ ማርች 6 ቀን 1994

እትዬ፣

ከአድራሻው እንዳየሽው መጥቻለሁ። አትሂድ ብለሽኝ ሄድኩ። ይቅርታ የምጠይቅሽ ስለ መሄዴ አይደለም፤ ቀድሜ ሳልነግርሽ ስለ ሄድኩ ነው።

«ባትሄድ ምን ይቀርብሃል?» ብለሽ ከደብዳቤሽ ጀርባ በእርሳስ ጽፈሻል። ልንገርሽ። ሆንግ ኮንግ ሳለሁ አንድ ሽማግሌ ደጋፊ በየሳምንቱ አጥሩ ሥር ቆሞ «ወደ ጀልባህ ተመለስ» ይለኝ ነበር። ሳገባም ይለኛል፣ ስስትም ይለኛል። የሰው አገር አጥቂ እንዲህ ነው፤ ሁለት ጨዋታ ካላገባ ሻንጣውን ያስታውሱታል። የገዛ አገሬ ሰው ለኔ ሲጮህ አንድ ቀን ሰምቼ አላውቅም። ወረቀቱ ሃያ ሰባት ዓመትህ ነው ይላል፤ ጉልበቴ ግን የሚቆጥረው ሠላሳ አንዱን ነው። ከዚህ በኋላ ማንም አይጠራኝም።

አሁን ወደ ጭንቀቴ ልግባ። ሱበክቲ የሚባል ጋዜጠኛ ልምምድ ላይ መጥቶ ያዘኝ።

«አገርህ ወዴት ነው?»

«ፍሎሬስ አካባቢ።»

«ፍሎሬስ ሰፊ ነው፤ የት?»

«አዶናራ ደሴት።»

«መንደሩስ?»

ጫማዬን ማሰር ጀመርኩ። ቡድን መሪው ከጎኔ ቆሞ ነበርና «ዋይቡራክ» ብሎ ከመዝገቡ አነበበለት፤ የረዳኝ መስሎት። ሰውየው የተጫዋቾችን እናት ቤት እየዞረ ነው የሚጽፈው። ያለ ጥርጥር ይመጣል።

እትዬ፣ የምለምንሽን ነገር ጮክ ብዬ እንኳ ልለው አልችልም፤ በጽሑፍ ግን እነሆ። ሲሚንቶው ላይ ያለውን ስም በአንድ ነገር ሸፍኝው። ለዚያች አንድ ቀን ብቻ። ለሰፈሩ ሰው አንቺ ንገሪ፤ አንቺን ይሰማሉ። ነገሩ ከታወቀ ከቡድኑ ብቻ አይደለም፣ ከእግር ኳስ ነው የሚያስወጡኝ። ሌላ የምችለው ሥራ የለም።

ኮፖንግ


ዋይቡራክ፣ ማርች 24 ቀን 1994

ኮፖንግ፣

ያልከውን አድርጌያለሁ። ሰውየው ባለፈው ዓርብ መጥቶ ሄዷል። እንዴት እንደነበረ ስትጠይቀኝ ከምትጨነቅ ሁሉንም ልጻፍልህ።

በቆሎ አሰጣሁበት። ሰዉ ሁሉ የቤተሰቡ መቃብር ላይ በቆሎ ያሰጣል፣ ነውር የለበትም፤ እኛ ግን በቦሊ ላይ አስጥተን አናውቅም፣ እማዬ አትፈቅድም። እሷ ቤተ ክርስቲያን ስትሄድ ጠብቄ ነው የዘረጋሁት። ስቸኩል ግማሹን መሬት ላይ ደፋሁት።

ጋዜጠኛው ነጭ ሱሪ የለበሰ፣ ላብ ያጠመቀው፣ ትሑት ሰው ነው። ቀጥ ብሎ መጥቶ የመቃብሩ ጠርዝ ላይ ተቀመጠ፤ በቆሎውን በእጁ ገፋ አድርጎ። ከስሙ ላይ አንድ ስንዝር ቢቀረው ነው። ጎረቤታችን ቱቶ ከዘንባባ ጠጁ ጋር እንደ ልማዱ ሳይጠሩት መጣ።

ጋዜጠኛው «ልጁን ታውቀዋለህ?» አለው።

«እንዴት አላውቀውም! የዛፍ ላይ ኮኮናት በኳስ እየመታን ስናወርድ ያደግን ነን። ኮፖ...» አለና ዓይኔን አየ። «ኮኮናት ትጠጣለህ ወይ?»

«እጠጣለሁ» አለ ሰውየው። ቱቶ ዛፍ ላይ ወጣና ሰውየው እስኪሄድ አልወረደም።

እማዬ ከወትሮዋ ቀድማ ተመለሰች። ጋዜጠኛው ተነሥቶ በአክብሮት እጇን ግንባሩ ላይ አስነካ።

«እናት፣ የአንሰልሙስ ቦሊ እናት እርስዎ ነዎት?»

«አዎ፣ ነኝ።»

«ልጅዎ ድንቅ አጥቂ ነው።»

እማዬ ወደኔ አየች። ከዚያ ወደ በቆሎው አየች። «ፈጣን ነበር» አለች።

«አሁንም ፈጣን ነው። ለመጨረሻ ጊዜ ያዩት መቼ ነው?»

«ዛሬ ጧት።»

ሰውየው ሳቀ። «ፎቶውን ማለትዎ ነው?»

«እንዳልክ ይሁን።»

«ጃካርታ ስመለስ አገኘዋለሁ። ለልጅዎ ምን ልበልልዎ?»

«ለየትኛው?» አለች።

«ጆሮዋ ደከም ብሏል» ብዬ በመሃል ገባሁ። እሷም ደግማ አልጠየቀችም። ሰውየው መቃብሩ ላይ እንድትቀመጥለት ለምኖ ፎቶ አነሣት፤ እሷም ተቀመጠች፣ እጇን በቆሎው ላይ አድርጋ።

ሲሄድ ጠብቃ ቁጭ አለችና በቆሎውን በእጇ መልቀም ጀመረች። ፊደሎቹ መሃል የገባውን እንኳ በጥፍሯ አወጣች። ከዚያ «በይ ንገሪኝ» አለች። ሁሉንም ነገርኳት፤ ወረቀቱን የሰጠሁህ እኔ እንደሆንኩም።

የመለሰችውን አልጽፍልህም። አሁን አይደለም። ጨዋታ አለብህ።

ባሬክ


ጃካርታ፣ ኤፕሪል 10 ቀን 1994

እትዬ፣

«ጋዜጣው ወጣ ወይ?» ብለሽ እንደምትጠይቂኝ አውቃለሁ፤ ወጥቷል። የእማዬ ፎቶ አለበት፤ ከሥሩ «የአጥቂው እናት በደጃፋቸው» ይላል። ልጆቹ ምግብ ቤቱ ግድግዳ ላይ ለጥፈውታል። ዘጠኝ ቀን ሙሉ ሩዝ የበላሁት ጀርባዬን ለሷ ሰጥቼ ነው።

ለመሆኑ ምን አለች? ለምን ትደብቂኛለሽ? ብትረግመኝም ንገሪኝ። እንዲህ አንጠልጥለሽ ስትተዪኝ ሜዳ ላይ እግሬ ይከብደኛል።

ባለፈው እሑድ የወዳጅነት ጨዋታ ነበረን። አንድ አገባሁ። ስታዲየሙ በሙሉ «ቦሊ! ቦሊ!» አለ። አሥራ አንድ ዓመት የጠበቅኩት ጩኸት ነው፤ ሲመጣ ግን ለሌላ ሰው የመጣ ዕቃ በስህተት እንደ ተቀበልኩ ሆንኩ። አማካዩ እያቀፈኝ «ምነው ፊትህን አጠቆርክ? ሚስትህ ናት ያገባችው?» ብሎ አሾፈብኝ።

የከፋው ከዚያ በኋላ ነው። የማዕዘን ምት ልንመታ ስንጠባበቅ ከደጋፊው መሃል አንድ ሰው ባገራችን ቋንቋ «ኮፖንግ! አንተ ኮፖንግ!» ብሎ ተጣራ። ዘወር አልኩ። እትዬ፣ አስቤ አይደለም፤ አንገቴ ራሱ ዞረ። ያገር ልጅ ነው፣ ወደብ ላይ የሚሠራ፤ እጁን እያወዛወዘ ይስቃል። ኳሱ በጆሮዬ በኩል አለፈ።

ልብስ መቀየሪያው ክፍል ውስጥ አሰልጣኝ ዳርሶኖ ከጎኔ ተቀመጡ።

«ስልሳ ሺህ ሰው ቦሊ ሲልህ አልዞርክም። አንድ ሰው ኮፖንግ ሲልህ ዞርክ። ኮፖንግ ማነው?»

«ያገር ቤት ቅጽል ስሜ ነው።»

«እንግዲያው ጥሩ ቅጽል ስም ነው» አሉ። ተነሥተው ሄዱ። ከዚያ ቀን ወዲህ ስሜን አይጠሩም፤ «አንተ» ነው የሚሉኝ።

የውድድሩ የመጀመሪያ ጨዋታ ሜይ 7 ቅዳሜ ነው። ከመጀመሪያዎቹ አሥራ አንዶች ነኝ።

ኮፖንግ


ዋይቡራክ፣ ኤፕሪል 21 ቀን 1994

ኮፖንግ፣

እሺ፣ እነሆ ቃሏ። ሳልጨምር ሳልቀንስ ነው የምጽፈው።

«ስሙን ስለ ወሰደ አልተቆጣሁም። ለወንድም ልብስም ይተላለፋል። የተቆጣሁት ሌላ ነው። አሥራ አንድ ዓመት ሻማ ሳበራ ለአንዱ ልጄ ነፍስ፣ ለአንዱ ልጄ እግር ነበር የምጸልየው። ለካ የሞተው ሲሮጥ ኖሯል፤ በሕይወት ያለው ደግሞ የትም የለም። ነገ በሰው አገር አንድ ነገር ቢሆን፣ በማን ስም ነው ሬሳውን የሚሰጡኝ?»

ይኸው ነው። አላለቀሰችም። ከዚያ ወዲህ ስላንተ አንድ ቃል አልወጣትም። የወዳጅነት ጨዋታውን ግን ሰምታለች። ስሙ ሲጠራ ሬዲዮውን አልዘጋችም፤ ወጥታ ደጃፍ ተቀመጠች፣ እስኪያልቅ ድረስ።

አሁን የምነግርህ ከዚህ ይብሳል። ለውድድሩ ምዝገባ ሲባል የክርስትና መዝገቡ ግልባጭ ይላክልን የሚል ደብዳቤ ከጃካርታ ለደብሩ መጥቷል። ማን እንዳስጠየቀ አላውቅም። አባ ሎንጊኑስ አስጠሩኝና መዝገቡን ገልጠው አሳዩኝ። ከቦሊ ስም ጎን በቀይ ቀለም መስቀል ተሠርቶበታል፤ የሞተበት ቀንም ተጽፏል።

«ልጄ፣ እኔ የሐሰት ግልባጭ አልጽፍም» አሉኝ።

«አውቃለሁ፣ አባ።»

«የፖስታው መኪና የሚሄደው ሰኞ ሰኞ ነው። ሁለት ሰኞ ሥራ በዝቶብኝ ሊያልፍ ይችላል። ሦስተኛው ሰኞ ግን አይበዛብኝም።»

ቆጠርኩት። ሦስተኛው ሰኞ ሜይ 9 ነው። ያንተ ጨዋታ ከሁለት ቀን በፊት ነው። አባ ቀኑን አውቀው ይሁን ሳያውቁ እንጃ። ብቻ እሷን አንዷን ጨዋታ ልትጫወት ትችላለህ ማለት ነው። ከዚያ በኋላ ቡድኑ ያገኘውን ሁሉ ይነጥቁታል ይላል ቱቶ፤ እውነት ነው ወይ? አንተ ነህ የምታውቅ።

ተጫወት አልልህም፤ ተው አልልህም። ያን ወረቀት በሰጠሁህ ቀን የመምከር መብቴን አብሬ ሰጥቼሃለሁ።

ባሬክ


ጃካርታ፣ ሜይ 8 ቀን 1994

እትዬ ባሬክ፣

«አልተሰለፈም አሉ፣ ታመህ ነው?» ብለሽ በወደቡ ልጅ በኩል በስልክ የላክሽው መልእክት ዛሬ ደረሰኝ። አልታመምኩም።

ደብዳቤሽ የደረሰኝ ማክሰኞ ነው። እስከ ዓርብ በኪሴ ይዤው ተለማመድኩ። እውነቱን ልንገርሽ፣ ሦስቱን ቀን ያሰብኩት መጫወትን ነበር። አንድ ጨዋታ፣ አንድ ጊዜ ቆሜ መዝሙሩን ልስማ፣ ከዚያ የመጣው ይምጣ። ቱቶ ያለው ግን እውነት ነው፤ በሐሰት ወረቀት የተሰለፈ ሰው ካለ ውጤቱ ይሰረዛል። በአጠገቤ የሚተኛው በረኛ የሃያ ሁለት ዓመት ልጅ ነው። ዓርብ ጧት እናቱ ጨዋታውን ልታይ ከሜዳን ከተማ በአውቶቡስ ሦስት ቀን ተጉዛ መድረሷን እየነገረኝ ጓንቱን ያጥብ ነበር። ቁርሴን ሳልበላ ተነሣሁ።

ከሰዓት በኋላ ከልምምድ ስንወጣ አሰልጣኝ ዳርሶኖን «አንድ ጊዜ» አልኳቸው። ሣሩ ዳር ቆምን።

«ቦሊ ታናሽ ወንድሜ ነው። ሞቷል። እኔ ኮፖንግ ነኝ።»

«ዕድሜህስ?» አሉ።

«ሠላሳ አንድ።»

«ዕድሜውን በመጀመሪያው ሳምንት አውቄ ነበር፤ ከፎቅ ደረጃ ስትወርድ ጉልበትህን አይቼዋለሁ። ብዙዎቻችሁ እንዲህ ናችሁ። የሞተ ሰው ግን አልጠረጠርኩም።» ከዚያ «መዝገቡን ከደብሩ ያስጠየቅኩት እኔ ነኝ» አሉ። «ሳይደርሰኝ ብትነግረኝ ብዬ ስጠብቅ ነበር። ከጨዋታው በኋላ፣ ሰኞ ብትነግረኝ ኖሮ በጥፊ እመታህ ነበር።»

ማሊያውን አጥፌ ሰጠኋቸው። እጃቸውን ግን አልሰጡኝም።

ጨዋታውን የሰማሁት ሆቴሉ ወጥ ቤት ውስጥ ከወጥ ሠሪዎቹ ጋር ነው። አንድ ለአንድ ወጡ። በሰባ ስምንተኛው ደቂቃ ከግራ የተሻማ ኳስ ነበር፤ የተካኝ ልጅ በግንባሩ ወደ ላይ ሰደዳት። እኔ አገባት ነበር። ቀለለኝ፣ ነጻ ወጣሁ ብዬ አልዋሽሽም። አገባት ነበር፤ ያችን ኳስ እስክሞት የምረሳት አይመስለኝም።

ሁለት ዓመት አግደውኛል። ነገ በጋዜጣም በሬዲዮም ይነገራል። ፔናንግም እንዳትመለስ ብለውኛል። በሠላሳ አንድ ዓመት ሁለት ዓመት ማለት ምን እንደሆነ አንቺም ትቆጥሪዋለሽ።

ያገር ልጆች ሳባህ ውስጥ እንጨት ከሚቆርጡበት ጫካ ሥራ እንዳለ ነግረውኛል። እዚያ ማንም ሰው ስም አይጠይቅም ይላሉ። የሰፈሩን ሰው ፊት ከማይ፣ እማዬ ፊት ከምቆም እሱ ሳይሻል አይቀርም። እስከ ወሩ መጨረሻ እዚሁ ወደብ ላይ ከዚያ ልጅ ጋር ነኝ። ምን ትያለሽ?

ኮፖንግ


ዋይቡራክ፣ ሜይ 19 ቀን 1994

ኮፖንግ፣

እኔ የምለው የለኝም። የምትለው እማዬ ናት፤ ስለዚህ የሷን ስማ።

ሬዲዮው የተናገረ ዕለት ጧት ሰፈሩ ሁሉ ግር ብሎ መጣ። ሴቶቹ ጥቁር ለብሰው፣ ሩዝና ስኳር ይዘው፣ ልክ እንደ ለቅሶ። ቱቶ እንኳ ኮፍያውን አውልቆ ነበር። እማዬ ደጃፍ ቆማ አየቻቸው።

«ማን ሞተ?» አለች።

ሴቶቹ ሩዛቸውን እንደያዙ እርስ በርስ ተያዩ።

«የሞተብኝ ልጅ ከሞተ አሥራ አንድ ዓመቱ ነው፤ ያኔ አልቅሳችሁልኛል፣ እግዜር ይስጥልኝ። ሌላው ደህና ነው። ሩዛችሁን መልሱ።» ከዚያ ትንሽ አሰበችና «ስኳሩን ተዉት» አለች።

አንድ አፈ ሰፊ ሴት ከኋላ ሆና «የሞተ ወንድሙን ሸጦ የበላ» አለች። እማዬ ሰምታለች። ጆሮዋ ደክሟል ያልኩት ውሸት እንደሆነ ታውቃለህ። «ሸጦ ከሆነ ገበያ ላይ ይጠየቅ» ብላ ገባች።

ደብዳቤህ የደረሰ ዕለት ስለ ሳባህ የጻፍከውን አነበብኩላት። ከሥራዋ ቀና አላለችም። «ስም የማይጠየቅበት አገር ይሄዳል?» አለች። «በይ ጻፊለት፣ እኔ እጠይቀዋለሁ በዪው።» የምትጠይቅህን ግን ለኔ አልነገረችኝም። ስጎተጉታት «ነገሩ የሱና የኔ ነው፣ አንቺ ወረቀት መስጠት ታበዢያለሽ» አለችኝ።

ስለኔም ልንገርህ። ወረቀቱን ከሳጥን ያወጣሁት እኔ መሆኔን ለትምህርት ቤቱ ኃላፊ ራሴ ነገርኩ። ጉዳዩ ወረዳ ሄዷል። ውጤቱን ስትመጣ እንሰማዋለን፤ እስከዚያ አስተምራለሁ።

አሁን ልብ ብለህ አንብብ። ፍሎሬስ ላይ ላራንቱካ ወርደህ በትንሿ ጀልባ ከመንደራችን ጀርባ ለመግባት እንዳታስብ። እማዬ እንዲህ ብላለች፦ በትልቁ መርከብ፣ በዋይዌራንግ ወደብ፣ በገበያው ቀን፣ ፀሐይ ሳለ ይውረድ። ደሴቱ ሁሉ አሳና ጨው ሊሸጥ በሚቆምበት መሃል አቋርጦ ይምጣ። የሚሳደብም ካለ ፊት ለፊቱ ይሳደብ። ኮፖንግ ብሎ የሚጠራውም ካለ ይጥራው።

መርከቡ በሚቀጥለው ወር የመጀመሪያ ሰኞ ይገባል። ሁለታችንም ወደቡ ላይ እንጠብቅሃለን፤ ልብሷን ካሁኑ አጥባ ሰቅላዋለች።

ፈርቼ ነበርና ጠየቅኋት። «እማዬ፣ ሲመጣ ትመቺዋለሽ ወይስ ታቅፊዋለሽ?»

«ሲወርድ አየዋለሁ» አለች።

እህትህ ባሬክ